መዳፌ የበላው ፊት

ሃርለም ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ዌይንትዬ ምላሷ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው» ይላል። ይበል። ምላሴን ምን እንደሳለው ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ከባሌ ከሉበርት ጋር አስራ ስድስት ዓመት ስንኖር ያልተጣላንበት ነገር የለም፤ በቢራ ተጣልተናል፣ በእናቱ ተጣልተናል፣ ጭቃ ይዞ በሚገባው ጫማው ተጣልተናል። ሁሉም ለእራት ሳንቀርብ በርዷል። አንዱ ጠብ ግን አልበረደም፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ሉበርት መዳብ ላይ ስዕል ይቀርጻል። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው ሥራው፤ ሎጥ ከሰዶም ሲሸሽ፣ ጦቢያ ዓሣውን ሲጎትት፣ ዮናስ ተተፍቶ አሸዋ ላይ ሲወድቅ። ሥራ የሚያዘው ሲብራንት የሚባል ነጋዴ ነው፣ አደባባዩ ጥግ ላይ ሱቅ ያለው። ሲብራንት የተቀረጸውን ሰሌዳ ይገዛል፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ማተሚያ ወረቀት ላይ ያትመዋል፣ ይቸበችበዋል። ሰሌዳው አንዴ ከቤታችን ከወጣ የእሱ ነው። ደንቡ ይሄ ነው፣ አልቅሰንበትም አናውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ያዘዘው የኢያኢሮስን ልጅ ነበር። ታውቁታላችሁ፤ የምኩራቡ አለቃ ልጁ ትሞትበታለች፣ ጌታ ይገባና እጇን ይዞ «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ» ይላታል። ሉበርት ሁሉንም ጨርሶት ነበር፤ አባትየውን፣ እናትየውን፣ አልቃሾቹን፣ የአልጋውን መጋረጃ እጥፋት ሳይቀር። የቀረው የልጅቷ ፊት ብቻ ነው። ፊት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ እጅ የረጋበት ቀን ይጠበቃል።

አግትዬ የታመመችብን ያኔ ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እግዜር ሌላ ልጅ አልሰጠንም። ትኩሳት ያዛት፣ አምስት ቀን። ጉልበቴ እስኪላጥ ጸለይኩ። ያ ሰሌዳ መስኮቱ ሥር ተደግፎ ነበር፤ ጌታ ያቺን ፊት ያልወጣላትን ልጅ እጇን ይዟታል፣ እኔ ደግሞ ከአልጋው ሥር ተደፍቻለሁ። «ያንን ሰውዬ ሰምተኸዋል፤ እኔን ለመስማት ምን ገደደህ?» አልኩት። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጄ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘች።

ሰው ልጁ ስትሞት ያለቅሳል አይደል? ባሌ ግን መቅረጫውን አነሳ። ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቧ ቁጭ አለና መቅረጽ ጀመረ።

«አብደሃል? አንተ ሰው፣ አብደሃል ወይ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ነገ ይቀብሯታል፣ ዌይንትዬ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ዛሬ ካልያዝኳት መቼ ልይዛት ነው?»

አላስቆምኩትም። እየቀረጸ እንባው መዳቡ ላይ ሲወድቅ በእጅጌው ይጠርገው ነበር። እስኪመሽ እጁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ግን ሳምንት ሙሉ ማንኪያ መያዝ አቃተው።

ከወር በኋላ የመጀመሪያዎቹን ህትመቶች ይዞልኝ መጣ፣ ወረቀቱ ገና እርጥብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ፊቴን ያየኛል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አየሁ።

«ይቺ ማን ናት?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? አግትዬ ናታ።»

«አይደለችም! የአግትዬ ጠባሳ በየትኛው ቅንድቧ ላይ ነበር? በረዶ ላይ ስትንሸራተት የወደቀች ቀን ደሟን የጠረግኩት እኔ ነኝ፤ በግራዋ ነው። ይቺ በቀኟ ነው። ፀጉሯ የተከፈለበትን እይ። ስትስቅ አፏን ወዴት ነበር የምትስበው? ልጄን ገልብጠህ ነው የሸጥካት!»

ሉበርት ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ለካ አላየውም። መዳብ ላይ ግራ የሆነው ወረቀት ላይ ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀራጭ የሚቀርጸውን ነገር በመስታወት እያየ ገልብጦ ነው የሚሠራው። ሃያ ዓመት እንጀራ የበላበት ነገር ነው። በዚያች ቀን ግን መስታወቱን ማን ያስታውስ፤ ዓይኑ እንዳያት ቀረጻት። መዳቡ ላይ ያለችው እውነተኛዋ ልጅ ሆነች፣ ወረቀቱ ላይ የወጣችው ደግሞ ግልባጯ።

ወረቀቱን ጨምድጄ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ በኋላም ከመጀመሪያዎቹ ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ ሁለቴ አመጣልኝ፤ ሁለቴም መለስኩት። «የኔ ልጅ ካልሆነች ቤቴ አትገባም» አልኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ። ለእኔ ደግሞ ወርቁ መዳቡ ነበር፤ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል ብዬ።

እውነተኛዋን ለማየት ወደ ሲብራንት ሱቅ መመላለስ ጀመርኩ። ሰሌዳውን ጨርቅ ገልጠው ያሳዩኛል፤ በብርሃን ዘንበል ሳደርገው አግትዬ ትወጣለች፣ ጠባሳዋ በቦታው፣ ሁሉ ነገሯ በቦታው። ሲብራንት መጀመሪያ አዘነልኝ፣ ኋላ ሰለቸው።

«እትዬ ዌይንትዬ፣ ማየቱን በነጻ እፈቅዳለሁ፤ ግን ሠራተኞቼ ቆመው እየጠበቁሽ ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«እንግዲያው ሥራ ስጠኝ፣ አብሬያቸው ልቁም» አልኩት።

እየቀለድኩ ነበር። እሱ ግን ንግድ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ ሰሌዳ የሚጠርግለት ሰው ወደ ባሕር ኃይል ሄዶበት ስለነበር በማግስቱ ቀጠረኝ። ሥራው እንዲህ ነው። ሰሌዳው በፍም ይሞቅና ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ መስመሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ከላይ የቀረውን መጥረግ ነው። መጀመሪያ በጨርቅ፣ መጨረሻው ግን በባዶ መዳፍ፤ ጨርቅ ከመስመሩ ውስጥ ቀለም ስቦ ያወጣል፣ መዳፍ አያወጣም። መዳፍን ጠመኔ እያስነኩ መዳቡ እስኪያበራ ማሸት። ከዚያ ወንዶቹ ማተሚያው ሥር ያስገቡታል፣ ይወጣል፣ እንደገና።

አንድ ህትመት በወጣ ቁጥር የልጄን ፊት በመዳፌ እዳብስ ነበር። መዳቡ ደግሞ ሞቃት ነው፤ የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። ጠዋት ስገባ «እንደምን አደርሽ፣ የኔ እመቤት» እላታለሁ፣ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ፣ ይሳቁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ያንን ሁለት ዓመት ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ እንኳ መዝፈን ጀምሬ ነበር።

ሲብራንት ደግሞ ነጋዴ ነው፣ አንድ ገበያ አይበቃውም። መጀመሪያ ከስዕሉ ግርጌ የነበረው ጽሑፍ በእኛው ቋንቋ፣ እንደኛ ላሉት ለተሐድሶው ምእመናን ነበር። ኋላ ጽሑፉን አስፍቆ በላቲን አስቀረጸው፣ ከአንድ ቅዱስ ጸሎት ጋር፣ ለካቶሊኮች። ካቶሊኮች ደግሞ እዚህ ከተማ በየሰገነቱ ተደብቀው ነው የሚያስቀድሱት፤ መቼም ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አላየሁም ይላል።

«ይሄ ምን ይባላል?» አልኩት።

«እግዚአብሔር አንድ ነው፣ እትዬ» አለኝ፣ «ደንበኛዬ ግን ሁለት ነው።»

በሦስተኛው ዓመት ቸነፈር ገባ። የታመመበት ቤት ደጃፍ ላይ የጭድ እስር ይሰቀላል፣ ሰው እንዳይጠጋ። በበጋው መሃል በእኛ መንገድ ብቻ ሰባት ጭድ ቆጠርኩ። ያኔ ነው ወሬው የተነሳው፤ ላይደን ውስጥ አንዲት የታመመች ልጅ፣ ይሄ ስዕል ከራስጌዋ ሲሰቀልላት በማግስቱ ተነሳች ተባለ። ማን አየ? «ዞሮ የሚሸጥ ሰውዬ ነው ያወራኝ» አለ ሲብራንት። ያንን ሰውዬ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም።

እሁድ ቄሳችን አትሮኖሱን እየደበደበ «ወረቀት አያድንም! ይሄ ጣዖት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰው አሜን አለ። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስገባ አሜን ያሉት እናቶች ግማሾቹ ተሰልፈዋል፣ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው። ማን ይፈርድባቸዋል? ያኔ አግትዬ ታማብኝ ሳለ አንድ ሰው «ይቺን ወረቀት ዋጪ፣ ትድንልሻለች» ቢለኝ እውጣት ነበር። ግን በየራስጌው የሚሰቅሏት ልጅ ሞታ የተቀረጸች መሆኗን ከእኔና ከሉበርት በቀር ማንም አያውቅም።

በቀን ሠላሳ የነበረው ህትመት ስልሳ ሆነ፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዳብ ግን ለካ ይለቃል። አንድ ቀን ሰሌዳውን ወደ ብርሃን ሳዘነብለው አግትዬ ገርጥታለች። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ከንፈሯ ጠፋ።

ሉበርትን ጠራሁት። ማጉያ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን ሳያይ እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ ተመለከተው። ጥቁር ቀለም ከነጭ ጠመኔ ጋር በየመስመሩ ገብቶበታል።

«ማተሚያው ነው አይደል?» አልኩት።

«ማተሚያውም አለበት» አለ። «ግን ማተሚያው ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እኩል ነበር የሚጎዳው። መጋረጃውን እይው፣ ደህና ነው። የአባትየው ፊት ደህና ነው።» ጣቱን ልጅቷ ላይ አሳረፈ። «ፊቷ ላይ ታበዢያለሽ፣ ዌይንትዬ። ጠመኔ ያለበት መዳፍ ነው፤ ቀስ እያለ ይበላል። ቀጭን መስመር ደግሞ ቀድሞ ነው የሚሄደው።»

እውነቱን ነው። ሌላውን ቦታ አንዴ ስጠርግ እሷን ሦስቴ አራቴ ነበር የምዳብሳት። ልጄን በገዛ እጄ በላኋት። እዚያው ሠራተኞቹ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ስትቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ወንዶቹ የዚያን ቀን አልሳቁም።

ሲብራንት ወሬውን ሲሰማ ያሳሰበው የገበያው ነገር ነው። «ገዢዎቹም የልጅቷ ፊት አይታይም እያሉኝ ነው» አለ። «ሉበርት፣ ይዘኸው ሂድና ፊቷን መልሰህ ቅረጸው። ለቅዳሜ አድርስልኝ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

እኔ እንዲያውም ደስ አለኝ። መልሶ ይቀርጻታል፣ አገኛታለሁ አልኩ። ሰሌዳውን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቤት አስገባሁት። በማግስቱ ቀትር ላይ ሉበርት መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ መቅረጫውን አነሳ፣ አስቀመጠው። ደግሞ አነሳ፣ አስቀመጠው።

«አገጯ» አለኝ። «አገጯ እንዴት ነበር?»

«ክብ ነበራ!»

«ሹል መሰለኝ እኮ። እንደ እናቴ።»

«ያንተን እናት አገጭ ምን አመጣው? ክብ ነበር፣ እዚህ ጋ ስርጉድ ያለ።»

«ስርጉድ አልነበራትም፣ ዌይንትዬ።»

«አንተ አባቷ ነህ?»

«አንቺስ እናቷ ነሽ?»

ዓይኔን ጨፍኜ ልጄን ጠራኋት። የመጣችው ግን መዳቡ ነው፤ የማስታውሰው ሰሌዳውን ነው፣ የዳበስኩትን፤ እሱም ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደነበረው፣ የገረጣው፣ ከንፈር የሌለው። ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ፣ አፏ ወተት ሆኖ ስታየኝ የነበረው ፊት የለም። ሉበርት ደግሞ የሞተችበትን ቀን ብቻ ነው የማየው አለኝ፤ ዓይኗ የተከደነውን። ሦስት ዓመት ብቻ እኮ ነው! እናት ልጇን በሦስት ዓመት ትረሳለች?

«የኋለኞቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ህትመቶች አንድ ቢኖረን» አለ ሉበርት ቀስ ብሎ፣ «በመስታወት እያየሁ እመልሳት ነበር። መስታወት ግልባጩን ያቃናዋል።» ምድጃውን አላየም፣ እኔንም አላየም። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ወደ ሲብራንት ሮጥኩ። የመጀመሪያዎቹን የወሰዱት ስዕል የሚሰበስቡ ሀብታሞች ናቸው፤ ጥርት ያለው እሱ ስለሆነ ቀድመው ይሻሙበታል። አንዱ አምስተርዳም ነው፣ ሌላው ከአገር ወጥቷል። ሲብራንት ራሱን ሲያክ ቆይቶ «አንድ እዚሁ አለ» አለኝ። «ሂለጎንት ወስዳለች፣ መበለቷ፣ ከከተማው ውጭ በፍታ ጨርቅ በፀሐይ የምታነጣዋ። ካቶሊክ ናት። ለልጇ ብላ ገና እንደወጣ ነው የገዛችው።»

ሉበርት የሥራ መስታወቱን ሰጠኝ፣ ሽርጤ ውስጥ ከተትኩት። በልዋጩ ልሰጣት ደግሞ ትልቅ በቀለም የተቀባ የማርያም ስዕል ከሲብራንት ያዝኩ፤ ካቶሊክ ይሄን አይቶ እንቢ አይልም ብዬ። የማንጫው ሜዳ ላይ ያ ሁሉ በፍታ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ የሚያነሳው የለም፣ አቧራ ለብሷል። ለምን እንደሆነ የገባኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው። ጭድ ተሰቅሏል።

አንኳኳሁ። የላይኛው የበሩ ክፋይ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት ብቅ አለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል።

«ጭዱ አይታይሽም?»

«ታይቶኛል።»

«እብድ ነሽ?»

«ከሲብራንት ሱቅ ነው የመጣሁት። ስለ ስዕሉ ነው፣ ስለ ኢያኢሮስ ልጅ።»

ይሄን ስላት የታችኛውንም ክፋይ ከፈተችልኝ። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ግድግዳው ውስጥ በተሠራው አልጋ ላይ አንዲት ልጅ ተኝታለች፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ከራስጌዋ በአራት ምስማር የተመታው የእኔ ወረቀት ነው። አግትዬ አለች፤ ከንፈሯ አለ፣ ሽፋሽፍቷ አለ፣ አንዱም አልጠፋም። ተገልብጣ፣ ግን ሙሉ። አገጯ ክብም አልነበረም፣ ሹልም አልነበረም።

ሂለጎንት አንዴ ስዕሉን አንዴ እኔን አየች።

«ይቺ ልጅ አንቺን ትመስላለች» አለችኝ።

«ልጄ ናት። ባሌ ነው የቀረጻት።»

ክንዴን ጨመደደችው። «እውነተኛ ልጅ ናት? እንዲያው ከሐሳብ የተሣለች አይደለችም?»

«እውነተኛ ናት።»

«ሲቀርጻት ታማ ነበር? እንዲህ ተኝታ?»

«አዎ፣ ታማ ነበር።»

«ታዲያ ተነሳች?»

አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ዓይኗን ገልጣ እያየችኝ ነበር። ስሟን አላወቅሁም ገና። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አፌን ያያሉ። ምን ልበል? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ተነሳች» አልኩ።

ሂለጎንት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «እሰይ! እሰይ ጌታዬ!» አለች። «በስንት ቀኗ?»

«በአምስተኛው ቀን። ረፋድ ላይ።»

«ምን አለች?»

«ራበኝ አለች።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። «አጃ ዳቦ በአይብ በላች፣ አንድ ጣሳ አሬራ ጠጣች። በሳምንቱ በረዶው ላይ ካልሄድኩ ብላ አስቸገረችኝ። አሁን አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትከሻዬ ደርሳለች። አፏ አያርፍም፣ እኔን ነው የወጣችው። አባቷ ያሞላቅቃታል።» እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስናገረው አየኋት። አስራ አንድ ዓመቷን፣ ቀሚሷ አጥሮባት፣ በር ላይ ቆማ። ሦስት ዓመት ሙሉ መዳብ ስዳብስ ያላየኋትን እዚያ ቤት ውስጥ እየዋሸሁ አየኋት።

«ስሟ ማነው?» አለች የታመመችው ልጅ፣ ድምጿ ሰልሎ።

«አግትዬ።»

«እኔ ኒስዬ እባላለሁ። ታመጪያታለሽ?»

«ተይ እንጂ ኒስዬ» አለች እናቷ፤ ግን ወዲያው እሷም ዞረችብኝ። «ብታመጪያትስ? በሩ ላይ ቆማ ብቻ ብታያት? የተነሳችውን ልጅ በዓይኗ ብታይ እኮ ትበረታ ነበር። እባክሽ እህቴ። ነገ።»

«እሺ» አልኩ።

ያኔ ነው ሂለጎንት ብብቴ ሥር የያዝኩትን ጥቅል ያየችው። «አንቺስ ምን ፈልገሽ ነበር የመጣሽው? ስለ ስዕሉ ነው አልሽኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ወረቀቱን ስጪኝ ልላት፣ ለአንድ ቀን ብቻ አውሺኝ ልላት፣ መስታወቴን ላውጣና ልጄን ላይ ልላት። ግን እንዴት ተብሎ? ልጇ ቤቷ ያለች፣ ዳቦ የምትበላ፣ አፏ የማያርፍ እናት፣ ከታመመች ልጅ ራስጌ ላይ ወረቀት ምን ልታደርግበት ትነቅላለች? የገዛ ምላሴ በሩን ዘጋብኝ።

«ይሄን ላመጣላችሁ ነው» ብዬ የማርያምን ስዕል ሰጠኋትና ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት አንዴ ብቻ ዞሬ አግትዬን አየኋት፤ በልቤ ላቃናት እየሞከርኩ መንገዱን ሙሉ ሄድኩ። ከተማው በር ስደርስ ጠባሳው ወዴት እንደነበር ብቻ ቀረኝ።

«አየሻት?» አለኝ ሉበርት። ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ግንባሩን ሰሌዳው ላይ ደፍቶ ቆየ። ቅዳሜ ጠዋት ለሲብራንት ያስረከበው ፊት ቆንጆ ነው፤ ክብ ጉንጭ፣ ትንሽ አፍ፣ የማንም ልጅ ያልሆነች። ሲብራንት «ከበፊቷ ትበልጣለች» አለ። እስከ ዛሬም ትሸጣለች፤ እኔ ግን ያንን ሱቅ ዳግም አልረገጥኩም።

ሂለጎንት ቤት በማግስቱ አልሄድኩም። ማንን ይዤ ልሂድ? ለብቻዬ ሄጄ እውነቱን ልንገራት እልና እግሬ እምቢ ይለኛል። ስድስት ቀን እንዲህ ስል አለፈ። ከዚያ በኋላ መሄዱን ራሱ ፈራሁት።

ወር ሳይሞላ ዓሣ ተራ ላይ ቆሜ ሰው ገለል ገለል ሲል አየሁ። ሂለጎንት ነበረች። ከቸነፈር ቤት የወጣ ሰው የሚይዘውን ነጭ በትር ይዛለች፤ ብቻዋን ናት። ልሸሽ ነበር፣ ግን አየችኝ። አንድ ሦስት ክንድ ርቃ ቆመች።

«ኒስዬ ሞተች» አለችኝ። «አንቺ በመጣሽ በሳምንቱ።»

ዓይኔን ወደ ዓሣዎቹ መለስኩ።

«እስከ መጨረሻው ጠበቀቻት። በሩ ድምጽ ባሰማ ቁጥር ‹አግትዬ ናት?› ትለኝ ነበር። ነፋስ ነው፣ ነገ ትመጣለች እላታለሁ።» በትሩን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። «ስዕሉን ደረቷ ላይ አድርጌ አብሬያት ቀበርኩት። እንዳይከፋት ብዬ።»

«ሂለጎንት» አልኳት፣ «እኔ ልጄን...»

«ተይ፣ አታስረጂኝ» አለች እጇን አንስታ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ረግሜሽ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን፣ የተረፈላትን ልጇን ቸነፈር ቤት ይዛ የምትመጣ የት ያለች እናት ናት? እኔም ብሆን አላመጣትም ነበር። ደግ አደረግሽ።»

ዓሣ ሻጩ የገዛሁትን በሣር አስሮ ዘረጋልኝ። ሂለጎንት አየችው።

«ሁለት ብቻ?» አለችኝ። «ለልጅቷስ?»

ወደ ሻጩ ዞርኩና አንድ ጨምርልኝ አልኩት።